ከሞተ ላፕቶፕ የሠራሽልኝ መሳያ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ለውዷ ልጄ፣ ለቤታችን መሐንዲስ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሥራውስ፣ አገሩስ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ምንም አልሆነችም፤ ምላሷማ እንደ ድሮው ጤነኛ ነው።

የምሥራች! የሕፃናቱ መጽሐፍ ሥዕሎች አሥራ ሁለቱም አለቁ፤ ትናንት ለአዘጋጁ አስረከብኩ። አንቺ ፈቃድ ወስደሽ ባትደርሺልኝ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጥ ነበር። «ጋሼ፣ መስመርዎ እንደ ድሮው አይደለም፤ ደግሞ ከእንግዲህ በኮምፒውተር ካልተሣለ አንቀበልም» ብሎኝ ነበር እኮ። አርባ ዓመት በወረቀትና በቀለም ለኖረ ሰው ይህ ጡረታ ውጣ ማለት ነው።

ጠረጴዛው ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር ያ ሰሞን ትዝ ይለኛል። ከሞተው ላፕቶፕ ስክሪኑን ፈልቅቀሽ አወጣሽ፤ የመሳያውን ብዕር ያውካል ብለሽ ከጀርባው ያለውን ቀጭን ቆርቆሮ ላጥሽ፤ ከተሰበረ የኮምፒውተር መሳያ ሰሌዳ ያወጣሽውን፣ የብዕሩን እንቅስቃሴ የሚከተለውን ቦርድ ከሥሩ አነጠፍሽ። ከዚያ ሁሉንም በእናትሽ መሳቢያ እንጨት ከበብሽውና ከቤቱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሽው። እሷ እስካሁን «መሳቢያዬን በቁሙ ገደላችሁት» ትላለች። ጎረቤት ሲመጣ ግን ቀድማ የምታሳየው እሷው ናት።

ብዕሩን ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ያሳረፍኩ ዕለት መስመሩ ተንቀጠቀጠ። እጄ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሻይ በሁለት እጄ የምጠጣው መዳፌን ለማሞቅ ነው እያልኩ ስንቱን ወር ሸውጃችኋለሁ። አንቺም ጥፋቱ የሠራሁት ዕቃ ነው ብለሽ ዝም አልሽ። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲሁ ተፋጠጥን። በሦስተኛው ቀን የስክሪኑ ገመድ ከቦርዱ ሥር ማለፉን አየሽና ወደ ጎን አዞርሽው። ኮምፒውተሩን ጥቂት ነካካሽና «አባዬ፣ እስቲ ሞክር» አልሽኝ።

ቀጥ ያለ መስመር ወጣ! «አየህ? ጥፋቱ የገመዱ እንጂ የእጅህ አይደለም» አልሽ። ስለ እጄ ትንፍሽ ብዬልሽ አላውቅም፤ ከየት አወቅሽ ብዬም አልጠየቅኩሽም። በደስታ ሌላ መስመር ማስመር ጀመርኩ።

ባለፈው ሳምንት የመስመሩን ውፍረት ልቀይር ብዬ ስነካካ «ማለስለሻ» የሚል፣ የተንቀጠቀጠ መስመር የሚያቃና ነገር አገኘሁ። እስከ መጨረሻው ተገፍቷል። አጠፋሁትና አንድ መስመር ሣልኩ፤ እንደ መጀመሪያው ዕለት ተንቀጠቀጠ። ገመዱም የድርሻውን አጥፍቶ ይሆናል፤ የቀረው ግን እጄ ነው፣ ልጄ።

አልዋሽሽም፣ ተናደድኩ። እንደ ሕፃን አታለለችኝ ብዬ ምሳ ሳልበላ ዋልኩ። እናትሽን «ሆዴን አሞኛል» አልኳት። ከሰዓት በኋላ እንደነበረው መልሼ አደረግሁትና የመጨረሻዋን ሥዕል ጨረስኩ።

ትናንት አዘጋጁ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ብቻዎን ነው የሣሉት?» አለኝ።

«አዎ፣ ብቻዬን» አልኩት።

ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ሳቄ መጣ። ትንሽ ሳለሽ እጅሽን በእጄ ይዤ ፊደል አስጽፍሽ ነበር። እንደጨረስን ወረቀቱን ይዘሽ ወደ እናትሽ ትሮጫለሽ፤ «እማዬ፣ ብቻዬን ጻፍኩ!» ትያታለሽ። እኔም ከኋላሽ ቆሜ «አዎ፣ ብቻዋን ነው» እላት ነበር።

አመሰግንሻለሁ። የነካሽው ሁሉ ይባረክ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ እጅሽ አይዛል።

አባትሽ