ሁለት ነዳጅ የምትጠጣው መኪና

ህዳር 4፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም ደጋግማ ጠፋችብኝ። ስነሳ ጠፋች፤ ስዞር ጠፋች፤ አንዴ ደግሞ አህያ አይቼ ደንግጬ እግሬን ከሁሉም ላይ አነሳሁና ቀጥ አለች። ጋሽ ሁሴን አጠገቤ ተቀምጠው የበሩን እጀታ ጨብጠዋል። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁት እንጂ እትዬ አስካለ፣ እባብ የረገጡ ይመስል አይበርግጉ አሉኝ። ጎረቤቴ ናቸው። የወሎ ሰው። ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ፣ በጭነት መኪና ላይ ነው የጨረሱት፤ አሁንም ይነዳሉ። የምማረው ወንጂ መንገድ ዳር፣ ሜዳው ላይ ነው።

ደብተሬ፣ አንተ አዲስ ነህና ነገሩን ልንገርህ። መኪናዋ የልጄ የተሾመ ናት። አሮጌ ፊያት። በኩፖን የሚሰጠው ቤንዚን ሳምንት አልደርስ ሲለው፣ መካኒክ አይደል፣ ከኋላ ሌላ ታንክ አሰረላት። ለላምባ። ከመሪው ሥር አንዲት የብረት ማዞሪያ አለች። በግራ በኩል በቀለም «ቤ» ብሎ ጽፎባታል፣ በቀኝ በኩል «ላ»። በቤንዚን ትነሳለች። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ወደ ላምባ ትዞራለች። ከማጥፋት በፊት ደግሞ ተመልሳ ወደ ቤንዚን። ይኸው ነው። ግን ጭንቅላቴ አይይዘውም።

በቤንዚን ስትሄድ ድምጿ ለስላሳ ነው፤ እየሄደች መሆኗን እረሳለሁ። ወደ ላ ሳዞራት ትንሽ ዝም ትላለች። ያኔ ልቤም አብሮ ዝም ይላል። ከዚያ መንኳኳት ትጀምራለች፣ ጉልበቷ ይወርዳል፣ ከኋላ ነጭ ጭስ። አንድ መኪና፣ ሁለት ጠባይ። የትኛዋን እንደምነዳ ገና አላወቅሁም።

ለምን በዚህ ዕድሜዬ? ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

ህዳር 6፣ ሐሙስ። ረፋድ

ጉድ ሠራሁ። ትናንት ግቢ ሳስገባት ወደ ቤ ሳልመልሳት አጠፋኋት። ዛሬ ቁልፉን ባዞር ባዞር ታጉረመርማለች እንጂ አትነሳም። ባትሪውን አደከምኩት። ጋሽ ሁሴን በሽርጣቸው እንዳሉ መጡ። ኮፈኑን ከፈቱ፣ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። «ላምባ ስትጠጣ አድራለች» አሉ። «ሰካራም ደግሞ በጠዋት አይቀሰቀስም።»

ሰፈሩ ለመግፋት ወጣ። አንዲት ጎረቤት ከኋላ እየገፋች፣ እትዬ አስካለ ሐዘኑን ትተው ሽርሽር ጀመሩ ስትል ሰማሁ። ጥቁሬን አላወለቅሁም። መሪውም ጥቁር ነው።

ተገፍታም አልተነሳች። ጋሽ ሁሴን ካርቡራቶሩን ፈተው ውስጡ የተኛውን ላምባ ደፉት፣ ጨርቅ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ተነሳች። እጄ እስካሁን ይሸታል። የተሾመ ሸሚዝ ሽታ ነው። በግንቦት ልብሱን ሁሉ አጥቤ ለነዳያን ስሰጥ ሽታው ከቤቴ የወጣ መስሎኝ ነበር።

እጄን ሳልታጠብ ተቀምጫለሁ። መታጠብ አለብኝ። ትንሽ ቆይቼ።

ህዳር 9፣ እሑድ። ከቀኑ 8 ሰዓት

ለነዳጅ ቁጠባ እሑድ እሑድ መኪና በተራ ነው የሚነዳው፤ የዛሬው የጎዶሎ ታርጋ ተራ ነው። የኛ ሙሉ ቁጥር ነው። ስለዚህ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች፣ እኔም ደጅ ተቀምጬ አያታለሁ። መንገዱ ላይ ጋሪ ብቻ። ጸጥታው አይስማማኝም።

እሺ፣ ልጻፈው። በግንቦት፣ እንዲህ ባለ እሑድ ነበር። ተሾመ ወባ ይዞት ሰነበተ፤ በኪኒን ተሻለው ብለን ነበር። ከምሳ በኋላ መቃዠት ጀመረ። መኪናዋ በር ላይ ቆማለች። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ነጂ የለም። ጋሽ ሁሴን አሰብ መንገድ ላይ ናቸው። እኔ ከቤት ቤት ስሮጥ፣ አንዱ የለም፣ አንዱ ተራዬ አይደለም ይቀጡኛል አለኝ። በመጨረሻ በጋሪ ጫንነው። ፈረሱ በመኪናዋ ጎን ሲያልፍ ተሾመ ቀና ብሎ አያት። ሐኪሙ፣ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን አለ።

ምራቴ ዘነበች ያኔ ካረገዘች ሁለት ወሯ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ ነውና እንደ ወጉ ልትወልድ እናቷ ቤት ቡልቡላ ሄዳለች። ወሯ ገብቷል። ዛሬ ከዚያ የመጣ የእህል ነጋዴ መልእክት አደረሰኝ። የጤና ረዳቱ ሆዷን ዳብሶ፣ ልጁ በአግድም ነው የተኛው፣ ሻሸመኔ ሆስፒታል ካልሆነ ቤት እንዳትወልድ ብሏል። እናቷ ወ/ሮ ጫልቱ ግን ይዞራል፣ ልጅ ሲደርስ መንገዱን ያውቃል ትላለች አሉ።

ይዞር ይሆናል። ባይዞርስ? ምጡ እሑድ ቢመጣስ? ቡልቡላ ውስጥ ማን መኪና አለው? ከልጄ የቀረኝ እዚያ ሆድ ውስጥ ያለው ነው።

ህዳር 11፣ ማክሰኞ። ማታ

ዛሬ አስፋልት። እስከ ሞጆ። ከባድ መኪና ከፊቴ ሲመጣ ዓይኔን ልጨፍን ይቃጣኛል። ጋሽ ሁሴን፣ እሱ ይፍራዎት እንጂ፣ የርስዎ ሁለት ነዳጅ ነው የምትጠጣው ይላሉ። ዳገት ላይ ላምባ ይለግማል። ሦስተኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ። ከኋላዬ አውቶቡስ ክላክሱን ያስጮሃል። ወደ ቤ መለስኳት፤ እፎይ ብላ ወጣች። ይህን ብልሃት ማንም አልነገረኝም። እሷ ናት የነገረችኝ።

ሞጆ መግቢያ ትራፊክ አስቆመን። ጭሱን አይቷል። አፍንጫውን ወደ መስኮቱ አስጠጋ።

«እናቴ፣ ይሄ የምን ሽታ ነው?»

ጋሽ ሁሴን ቀደሙኝ፤ «ኩራዝ ጭነን ነው።»

«ኩራዝ ጭናችሁ ነው ወይስ ኩራዝ ላይ ተጭናችሁ?» አለ ትራፊኩ። የልምምድ ወረቀቴን አየ። ጥቁር ልብሴን አየ። ሂዱ አለን።

ጋሽ ሁሴን እስከ ናዝሬት ሲስቁ መጡ። እኔ አልሳቅሁም። ላምባ ቀበሌ የሚሰጠን ለምድጃ ነው። መኪናዋን ይዘው ቢያስቀሩስ? ያኔ ምን ይዤ ቡልቡላ እሄዳለሁ?

ህዳር 13፣ ሐሙስ። ጠዋት

የላምባ ወረፋ። የቀበሌው ሱቅ ሠራተኛ፣ ብቻዎን እየኖሩ ድርሻዎ አይተርፍም እንዴ እትዬ ብሎ ጠየቀኝ። ብርድ ነው አልኩ። በናዝሬት ብርድ! ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። ላብ አጠመቀኝ።

እውነቱን ላንተ ብቻ። ምድጃዬን ካቆምኩ ሰነበትኩ። በሶ በጥብጬ እጠጣለሁ፣ ዳቦ እበላለሁ። የቤቴን ላምባ መኪናዋ ትጠጣው። የሴቶች ስብሰባም ቀርቻለሁ፣ ስሜ ተይዟል ይላሉ። ይያዝ።

አይ፣ ይያዝ አልልም። እፈራለሁ። ግን አልሄድም።

ህዳር 15፣ ቅዳሜ። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ቡልቡላ ደርሰን መጣን። ጋሽ ሁሴን አጠገቤ፣ እኔ መሪው ላይ። ከመቂ በኋላ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ግራር ብቻ። ላምባ እዚያ ይስማማዋል። ሳልፈራ ብዙ ነዳሁ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ራሱ አስለቀሰኝ። ጋሽ ሁሴን፣ መንገዱን ይመልከቱ አሉኝ።

ወ/ሮ ጫልቱ «አካም ጅርታ፣ ሃዳ ተሾመ» ብላ ተቀበለችኝ። የተሾመ እናት ማለቷ ነው። እዚህ ሰው ሁሉ ስሙን ይሸሸዋል፤ እሷ በሱ ጠራችኝ። ስሜን መልሳ የሰጠችኝ መሰለኝ።

ዘነበች ከብዳለች። እግሯ አብጧል። እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ አኖረችው። ጭንቅላቱ ጎኗ ላይ ነው። አልዞረም።

ከኔ ጋር ናዝሬት ትሂድ አልኩ። ወ/ሮ ጫልቱ በትሕትና ነው የመለሰችው። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፣ የባል እናት ገንፎው ሲደርስ ትጠራለች። እኔ አምስቱንም እዚሁ መደብ ላይ ነው የወለድኩት አለች። ሆስፒታሉስ አልኳት። ሲመጣ ይታያል አለች። ሲመጣማ ጊዜ የለም አልኩ። ለመንኳት። ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ። ያኔ ተናገረችው፤

«የገዛ ጌታዋን ያላደረሰች መኪና ልጄን ታደርሳለች?»

ዘነበች «ኧረ እማዬ» ብላ ፊቷን ሸፈነች። እኔ የያዝኩትን ውሃ መሬት አስቀመጥኩ። ጋሽ ሁሴን ጎማውን ልየው ብለው ወጡ።

ስንነሳ ወ/ሮ ጫልቱ ሸኘችን። መኪናዋን ዙሪያዋን ዞራ አየቻት። ከዚህ ሻሸመኔ ምን ያህል ያስኬዳል ብላ ጋሽ ሁሴንን ጠየቀች። ነገሯት። ራሷን ነቀነቀች። ወደኔ አላየችም።

ስንመለስ መሪውን ለጋሽ ሁሴን ለቀቅሁ።

ህዳር 18፣ ማክሰኞ

አልጻፍኩም። ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ነበር።

ያለችው እውነት ነው። አላደረሰችውም።

እውነት ነው ግን መኪናዋ ምን አጠፋች? ነጂ አጣች እንጂ። እኔ እናቱ አጠገቧ ቆሜ፣ የቱን እንደምነካ ሳላውቅ በመዳፌ በሯን እየደበደብኩ

ይህን ተወው።

ከሰዓት

ጎረቤቴ ያቺ ገፊዋ መጣች። መኪናውን ትተውት የሰነበቱት ተሽጦ ነው ወይ አለችኝ። አልተሸጠም አልኩ። ከሄደች በኋላ የወ/ሮ ጫልቱ ጥያቄ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ሻሸመኔ ምን ያህል ያስኬዳል። የማትሄድ ሰው መንገድ አትጠይቅም። ይዞራል ብላ ያመነች ሴት መንገድ አትጠይቅም። እሷም ማታ ማታ የልጇን ሆድ ትዳብሳለች ማለት ነው። እኔ እዚህ ስፈራ እሷ እዚያ ትፈራለች፣ አንዳችን ለሌላችን ሳንነግር። ክፉ ቃሏም ከፍርሃት ነው የወጣው። ፍርሃት ሲናገር ምን እንደሚመስል እኔ አላውቅም?

ሳጥኑን ከፈትኩ።

ህዳር 20፣ ሐሙስ። ማታ

ፈተናው ወደ ገና ማግሥት ተላልፏል። እስከዚያ መንጃ ፈቃድ የለም። የልምምድ ወረቀቱ ደግሞ ፈቃድ ያለው ሰው አጠገብ ካልኖረ አይሠራም። ጋሽ ሁሴን ነገ ለአሰብ ይነሳሉ፤ ሳምንት አይበቃቸውም።

ብቻዬን ብሄድስ አልኳቸው። ጺማቸውን አሻሹ። «እኔ አልሰማሁም» አሉ። ተነስተው በር ደረሱ፤ «ባልሰማውም፣ ቆቃ ድልድዩ ላይ ከባድ መኪና ካዩ ቆመው ያሳልፉ። ፈጠን ብለው ይሻገሩ የሚል ሰው ቢኖር አይስሙት።»

«እሺ ጋሽ ሁሴን።»

«ምኑን እሺ? ምን አልኩ?»

ከሄዱ በኋላ ጎማውን አየሁ፣ ነፍተውታል። ባትሪውም ተሞልቷል። መቼ እንደሠሩት አላየሁም።

ህዳር 21፣ ዓርብ። ማታ

ከቡልቡላ የመጣ የጭነት መኪና ረዳት ቃል አመጣ። አልዞረም። ወገቧን አሟታል። ምጥ አይደለም አሉ፣ ገና ነው አሉ። ገና ነው ማለት ምን ማለት ነው? ለተሾመም ገና ነው ብለን ነበር።

ነገ ቅዳሜ። ከነገ ወዲያ እሑድ፣ የኛ ታርጋ ተራ አይደለም። እስር ቤት ብገባ ማን ይጠይቀኛል? መኪናዋን ቢወርሷት? መንገድ ላይ ብትጠፋብኝ? አንዱን ሰው ብገጭ? ይህን ሁሉ የምጽፈው ከወረቀት ወጥቶ ከራሴ እንዲለቀኝ ነው። አይለቀኝም።

እንቅልፍ የለም።

ህዳር 22፣ ቅዳሜ። ጠዋት 12 ሰዓት

እሄዳለሁ። ዛሬ። ብቻዬን።

ሁለቱም ታንክ ሞልቷል። ነጠላና ጋቢ ከኋላ ወንበር ላይ አነጠፍኩ፣ ትራስም። ለሷ ነው። ነገ ምጥ ቢመጣ እዚያው በር ላይ ነኝ፣ የመኪናዋ ፊት ወደ ሻሸመኔ። ምጥ ላይ ያለች ሴት የጫነች መኪና አስቁሞ ታርጋ የሚቆጥር ካለ ይቁጠር። ወረቀትሽ የታለ ቢለኝም አንድ ጊዜ ካደረስኳት በኋላ ይሰረኝ።

አንተን እዚሁ ትራሴ ሥር ትቼህ ነው የምሄደው።

ወ/ሮ ጫልቱ በሯ ላይ ስትቆም የምላትን ሌሊቱን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ልጅሽን ልወስድብሽ አልመጣሁም፣ ወግሽንም ላፈርስ አልመጣሁም እላታለሁ። የባል እናት ገንፎው ሲደርስ ትጠራለች አልሽ፤ እሺ። የባል እናት ናዝሬት ናት፣ እስክትጠሪያት ትጠብቃለች። የመጣው ሹፌሩ ነው። ሹፌር ደግሞ መኪናው ያለበት ያድራል።