በካርቶን የታሸገች ሼቭሮሌት

አንተ አኩራፊ ሽማግሌ፣ እንደምን ሰነበትክ?

ልጠይቃት የመጣሁት ልጄ እዚህ አንድ የመጫወቻ ሱቅ ይዛኝ ገባች። ያቺ የሸጥካት ሼቭሮሌትህ ተገጣጥማ የምትሠራ መጫወቻ ሆና፣ ብትንትኗ ወጥቶ በካርቶን ተቀምጣለች! ጎማዋ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። እኛ ሰፈር ጋራዥ ስትፈታ እንኳ እንዲህ በሥርዓት ተደርድራ አታውቅም። ሻጯ፣ «አባባ፣ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ። «ሰባ ስድስት፤ ሲያኮርፍ ግን አራት» ብያት ገዛኋት።

ዓይንህ ደክሞ መሪ ከለቀቅክ ወዲህ ከቤት አልወጣም ማለትህ አሳስቦኛል። ስመጣ እኔ መመሪያውን አነብልሃለሁ፣ አንተ በጣትህ እየዳበስክ ትገጥማለህ። ሙጫውን ሳዝረከርከው እንደ ድሮው ትጮህብኛለህ።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። ይህን የምታነብልህን ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ጩኸትህ እሷንም ሳይናፍቃት አልቀረም።