እማዬ ዝም የምትልበት ቦታ

ይድረስ ለናፈቅከኝ ወንድሜ ለስጦታው። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ ቤተሰብህስ? የቪየና ብርድ አልበረታብህም? እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን። በስልክ እንዳልነግርህ እንባ ይቀድመኛል ብዬ ጻፍኩልህ።

ለአራት ባለ ክር መሣሪያ፣ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ፣ የደረስከው ሙዚቃ በስልኬ ደርሶኛል። ዜማውን በልጅነትህ፣ ትኩሳት ሲይዝህ እማዬ ስታንጎራጉርልህ እንደሰማኸው፣ መሀል ላይ ለምን ዝም ትል እንደነበር ግን እንደማታውቅ ነግረኸኛል። እሷ ካልፈቀደች በሰው ፊት አልጫወተውም ስላልክ፣ ቅዳሜ ከሞጣ ተነሥቼ ቢቸና ሄድኩ።

እማዬ ደጃፍ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ስልኩን ጆሮዋ ሥር አድርጌ ከፈትኩላት። ዓይኗን ጨፈነች። አራቱም መሣሪያ ቀጥ ሲል እሷም ትንፋሿን ያዘች። ደንግጬ አመመሽ ወይ ብላት፣ ዝም በይ፣ እየሰማሁሽ ነው አለችኝ።

ሲያበቃ ነገረችኝ። ያኔ አንተ አልተወለድክም፤ ገጠር ነበርን። እኔን ጡት ሳልጥል ሳንባ ምች ያዘኝ። አባታችን እህል ሊሸጥ የጁቤ ገበያ ሄዶ ነበርና፣ እማዬ ብቻዋን በአንቀልባ አዝላኝ ወደ ቢቸና ጤና ጣቢያ ተነሣች። የነሐሴ ጉም ወርዶ ዛፉም፣ መንገዱም፣ የገዛ እግሯም አልታይ አላት። በደመና ላይ የምትሄድ እየመሰላት ታንጎራጉርልኝ ጀመር። ጀርባዋ ላይ ስለሆንኩ ፊቴን አታይም፤ ስለዚህ ትንሽ ታንጎራጉርና ትንፋሼን ለመስማት ዝም ትላለች። ስትሰማው ትቀጥላለች። አንድ ቦታ ላይ ግን ምንም ትንፋሽ አልሰማ አለኝ አለች። አውርዳ ልታየኝ ፈራች። እዚያው ጉም ውስጥ ቆማ ዜማውን ደገመችው፤ ያን ጊዜ የቀሚሷን አንገት በጣቶቼ ጨበጥ አደረግኩት።

ስጦታው፣ እኔ እስከ ዛሬ እሹሩሩ ይመስለኝ ነበር። እማዬ እጇን ጀርባዬ ላይ አሳርፋ፣ ዛሬማ ከብደሻል፣ ብትታመሚም አልችልሽም ብላ ሳቀች።

ፈቅዳለች። ይጫወቱት ብላለች። ዝምታው ላይ ግን አትቸኩሉ፣ ልጅቷ እስክትተነፍስ ጠብቁ በላቸው አለች።

ባለቤትህን አመተ ሥላሴንና ልጅህን ሊድያን ሳምልኝ። አብረውህ ለሚጫወቱት ሦስቱም ጓደኞችህ ሰላምታዬ ይድረስ። ባለቤቴ ባንተአምላክ፣ ልጄ አምላኩ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘኪያም ሰላም ብለውሃል። እማዬ ሁለቱን ጉንጭህን ስማለች።

እህትህ ስርጉት
ሞጣ፣ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.