ሠላሳ ሾፌር ያነበበው ፍርሃቴ

ሰኞ፣ የካቲት 10

አርባ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶኝ አሥራ አምስቱን በሰላምታ ጨረስኩት! እኔ ምን ላድርግ? ሰው ፊቴ ብቅ ሲል፣ በስልክም ቢሆን፣ ደህና አደርሽ፣ እናትሽ ደህና ናቸው፣ ብርዱ እንዴት ነው ሳልል ዘልዬ "መኪና ያስፈራኛል" እላለሁ? ራሔል ታገሰችኝ። አዲስ አበባ ያለች የሥነ ልቦና አማካሪ ናት፣ ዕድሜዋ ከልጄ ብዙም አይበልጥም። በመጨረሻ "ወይዘሮ ዝናሽ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት?" አለችኝ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" አልኳት። ከዚያ አለቀስኩ። ፎቶ ኮፒ ቤቴን ከውስጥ ዘግቼ፣ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀምጬ፣ ስልኩን ግድግዳ አስደግፌ፣ ሁለት ዓመት የያዝኩትን ለቀቅኩት። እንዴት እንደቀለለኝ!

ሁለት ዓመት ሆነው። ከጊንጪ ወደ አምቦ ስመለስ ሚኒባሳችን ተገለበጠ። እኔን ክንዴን ብቻ ነው የነካኝ፣ አጠገቤ የነበረችው ሴት ግን እግሯን አጣች። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ እንኳ አልገባሁም። ሥራም በእግሬ፣ ለቅሶም በእግሬ፣ ቤተ ክርስቲያንም በእግሬ። ልጄ ጫልቱ ጎጆ ከተማ አስተማሪ ናት፣ እዚያው አገባች፣ ቤቷን አንድ ቀን አላየሁትም። አሁን የመጀመሪያ ልጇ ሊወለድ ነው፣ በወሩ መጨረሻ። እኔ ቤት መጥታ ትወልዳለች ብዬ ስዘጋጅ ሐኪሙ "ደም ግፊት አለብሽ፣ በዚያ መንገድ አትንገላቺ" አላት። እንግዲህ ወይ እኔ እሄዳለሁ፣ ወይ ልጄ ያለ እናት ትወልዳለች።

ራሔልን ያገኘችልኝ ጫልቱ ናት፣ ፈቃድ እንዳላት አጣርታ። ከእሷ በፊት እኔው በራሴ ጊዜ ቴሌግራም ላይ አንድ "ዶክተር" አግኝቼ ነበር፣ ጭንቀትን በሦስት ቀን የሚነቅል። ሰላም እንኳ ሳይለኝ ፎቶሽን ላኪ፣ ማንም የማያውቀውን ምስጢርሽን ጻፊ አለኝ። እኔ ሞኟ ግማሽ ገጽ ጽፌ ነበር! ጫልቱ በደወለችበት ቅጽበት ነው የተረፍኩት። "እማ፣ አጥፊው! አሁኑኑ!" አጠፋሁት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ራሔል ወረቀት ላከችልኝ። በስልክዎ ይሙሉት ነበር ነገሩ፣ እኔ ግን ማሽን ያለኝ ሴት ሆኜ? አተምኩት። ከትንሹ ፍርሃት ወደ ትልቁ በቁጥር የሚጻፍበት ነው። በጥሩ የእጅ ጽሑፌ ሞላሁት፦

1. ከቆመ መኪና አጠገብ ሦስት ደቂቃ መቆም
2. በቆመ መኪና ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶ፣ መቀመጥ
3. በሩ ተዘግቶ፣ ሞተር ተነስቶ፣ መቀመጥ
4. እስከ አደባባዩ መሄድ
5. ከከተማ ወጥቶ መመለስ
6. ጎጆ

ከታች "ካለቀስኩም ግድ የለም" ብዬ ጨመርኩ። ከላይ በቀኝ በኩል ስሜን ከነአባቴ፣ ትምህርት ቤት እንዳስለመዱን።

ቁጥር አንድ ዛሬውኑ ተሠራ! ከሱቄ ፊት የቆመ አይሱዙ አጠገብ ቆምኩ። ልቤ እንደ ወፍጮ። ባለቤቱ መጥቶ "ምን ፈልገሽ ነው?" ሲለኝ "ጎማህን ነው የማየው" አልኩት። ደንግጦ ጎማውን ዞሮ ፈተሸ።

ማታ ላይ የተጨመረ። ጉዴ ፈላ። ወረቀቱን ለቦርሳዬ ሌላ ኮፒ ላወጣለት ማሽኑ መስታወት ላይ አስተኝቼው ነበር። የሚኒባስ ሾፌሮች ማኅበር ሰብሳቢው ኦቦ ለሚ "የስብሰባ ጥሪ ነው፣ ሠላሳ ኮፒ፣ ቶሎ!" ብለው ገቡ። የእሳቸውን ወረቀት ከላይ አስቀምጬ፣ ክዳኑን ከድኜ፣ ስለ ጫልቱ እርግዝና እያወራሁ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ሱቅ ልዘጋ ክዳኑን ሳነሳ የእሳቸው ጥሪ ከላይ፣ የእኔ ፍርሃት ከሥር። ማሽኑ ያነበበው የሥሩን ነው።

ሠላሳ ሾፌር። ከነአባቴ ስም።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ዛሬ ቢሮ ዝግ ስለሆነ ሱቅ አለመክፈቴን ማንም አልጠየቀኝም። ተመስገን።

ቀጠሮዬ ባይሆንም ራሔል አሥር ደቂቃ ሰጠችኝ። ግማሹን ኔትዎርኩ በላው። እኔ እያለቀስኩ እሷ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ትቀራለች፣ ስትመለስ ደግሞ "…ምን ተሰማዎት?" ብቻ። ምን ይሰማኛል! ምን ያህል ሰው ያውቅዎታል አለችኝ። የአምቦ ሾፌር በሙሉ ወረቀት ኮፒ የሚያደርገው እኔ ጋ ነው አልኳት። እሷ እኮ ከሩቅ ሆና አታውቀውም፣ እዚህ መናኸሪያ የገባ ወሬ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ገበያ ነው።

"ለጥቂት ቀን ዘመድ ጋ ሄደው ቢቆዩስ?" አለችኝ።

"በምን ልሂድ ልጄ? በመኪና?"

ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አልገባ አለ። ሳቁ ግን ቆየልኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ይኼንን በዝርዝር ነው የምጽፈው!

ኦቦ ለሚ ጠዋት መጡ፣ ጋዜጣውን በብብታቸው ይዘው።

"አካም ቡልተን፣ አዴ ዝናሽ።"

"ደህና አደርኩ" አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

"ያቺን ወረቀት ሳላያት አደልኳት እኮ።"

"አውቃለሁ ኦቦ ለሚ። አፈር በበላሁ።"

"ቆይ ስሚኝ እንጂ። ልጆቹ አዲስ መመሪያ የወጣ መሰላቸው! ሦስት ደቂቃ ቁሙ ይላል ብለው ከመኪናቸው አጠገብ የቆሙ አሉ፣ በማርያም! አንዱ 'ስድስተኛው እኔን አይመለከትም፣ የእኔ መስመር ነቀምት ነው' አለ። ሌላው 'ካለቀስኩም ግድ የለም ይላል፣ ይኼን ያወጣው ኃላፊ መቼም ሰው ነው' አለኝ።"

እያፈርኩ ሳቄ መጣ። እሳቸው ግን ሳቁን ትተው ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ስምሽን ሳይ መልሼ ሰበሰብኩ። ሃያ ሰባት ነው።"

"ሦስቱስ?"

"አንሰጥም አሉ። አንዱ ለሚስቴ ነው አለ። ሁለቱ ለማን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።" ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እኔም ዝናብ ሲጥል መሪ ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ስድስት ዓመቱ። ይኼ ለማን ይወራል?" አሉ።

የራሔልን ስልክ ጻፍኩላቸው። ኪሳቸው ከተቱት።

"በይ ነዪ" አሉ። "ቁጥር ሁለት የእኔ መኪና ላይ ነው።"

ተቀመጥኩ! በሩ ተከፍቶ። ከዚያ "ዝጉት" አልኩ፣ እኔው በአፌ! ሞተሩ ተነሳ። ራሔል እንዳሳየችኝ በአፍንጫዬ ሳብኩ፣ በአፌ ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። እጄ የበሩን እጀታ ያዘ። ግን አልወረድኩም። በአንድ ቀን ሁለትም ሦስትም!

ዓርብ፣ የካቲት 14

አልሆነም። ወደ አደባባዩ ግማሽ መንገድ ስንደርስ የጭነት መኪና ከኋላ ጥሩምባውን ነፋ። ምን እንዳደረግኩ አላውቅም። ኦቦ ለሚ ፍሬን ይዘው እኔ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ነበር፣ አንድ ጫማዬ መኪናው ውስጥ። በእግሬ ተመለስኩ።

የራሔል ቀጠሮ ዛሬ ነበር። ኔትዎርክ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ስልኩን ይዤ ግቢውን ዞርኩት፣ አጥር ሥር፣ ድንጋይ ላይ ወጥቼ። የስልክ ሐኪም ይኼ ነው ጉዱ፣ በጣም ስትፈልጊው የለም።

ጫልቱም አልተገኘች። ትናንት "እግሬ አብጧል" ብላኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ጠዋት መስመሩ መጣ፣ ትናንት ጽፌላት ያልሄደው ሄደ፣ የራሔል የድምፅ መልስ ገባ። አራት ጊዜ ሰማሁት። "መውረድዎ ውድቀት አይደለም። ከሚፈሩት ነገር ጋር ግማሽ መንገድ ሄደዋል። ዛሬ ግማሹን ይጨምሩ። እኔ ባልኖርም ትንፋሽዎ እርስዎ ጋ ነው።" የዚህስ መልካምነቱ፣ ሐኪም ቤት የተባልኩትን ደጅ ሳልደርስ እረሳዋለሁ፣ ይኼን ግን ደጋግሜ እሰማዋለሁ።

አደባባዩ ደረስኩ! ዞርን! ደግመን ዞርን! መናኸሪያው በር ላይ የቆሙት ሾፌሮች "አዴ ዝናሽ፣ ስንተኛው ላይ ደረስሽ?" ብለው ጮኹ። አፈርኩ ልበል ኮራሁ? "አራት!" ብዬ ጮኽኩባቸው። ከሰዓት ከከተማ ወጥተን ተመለስን። አለቀስኩ። ግድ የለም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አማቼ ደወለ። ምጥ ጀምሯታል፣ ጤና ጣቢያ ወስደዋታል፣ ግፊቷ ከፍ ብሏል። "እማማ፣ እርስዎን ነው የምትጠራው" አለ። ልጁ የእኔን ፍርሃት ያውቃል፣ ኑ አላለኝም። አለማለቱ ነው የገደለኝ።

ኦቦ ለሚን ጠየቅኳቸው። ሲነጋ እንሄዳለን አሉ።

እሑድ፣ የካቲት 16

ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ቅቤ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ጋቢ፣ የሕፃን ጨርቅ፣ ሁለት ሹራብ (ጎጆ ይበርዳል)። የራሔል ድምፅ ስልኬ ውስጥ አለ። ከጎጆ ወሬ የለም፣ ስልኩ አይነሳም። የኦቦ ለሚ መኪና በር ላይ ነው። ሄድኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 17፣ ጎጆ

ጎጆ! ራሴ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። ጎጆ።

ትናንት የቅበላ ዕለት ስለነበር መኪናው በሰውና በበግ ጢም ብሎ ነበር። እኔ ከፊት። ጥርጊያ መንገዱ ላይ መኪናው ሲያዘነብል ዓይኔን ጨፍኜ ጮኽኩ። ከኋላ አንዲት ሴት "ምን ሆነው ነው?" ስትል ኦቦ ለሚ ዞር ሳይሉ "ምንም፣ ቁጥር ስድስት ላይ ናቸው" አሏት። ሴትየዋ የገባት መስላ "አይዞዎት፣ እኔም መኪና ላይ ሆዴን ያመኛል" አለችኝ። ሁለት ጊዜ አስቁሜ ወረድኩ። ሁለት ጊዜ ተመልሼ ገባሁ። ማንም ቶሎ በይ አላለኝም፣ በጎቹ ብቻ ናቸው ያጉረመረሙት።

ስደርስ ወልዳለች። ሌሊቱን ነው የተገላገለችው፣ አልደረስኩላትም። ሴት ናት። የጫልቱ ግፊት ወርዷል፣ ግን ገና ሁለት ቀን ትቆያለሽ ብለዋታል። ዛሬ ጾም ቢገባም አራስ አትጾምም፣ ገንፎዋን አገነፋሁላት፣ ግማሹን በላች። እንዴት እንደምመለስ አላውቅም። ራሔልን ለማግኘት እዚህ ዳገቱ ላይ መውጣት ነው አሉኝ። እወጣለሁ።

ግን ትናንት የጤና ጣቢያውን በር ከፍቼ ስገባ የሆነውን ልጻፍ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ልል አፌን ስከፍት ጫልቱ ቀደመችኝ።

"እማ! በምን መጣሽ?"

"በመኪና።"

"አንቺ? በመኪና?"

አላመነችኝም። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣኝ ክንዴን አየች፣ ፊቴን አገላብጣ አየች፣ ጫማዬን ሳይቀር፣ ሁለቱም እግሬ ላይ መሆኑን። የሆነ ቦታዬ የጎደለ ይመስል ፈተሸችኝ። ሙሉ መሆኔን ስታረጋግጥ ነው ልጅቷን አንስታ የሰጠችኝ።