ለሁለት የተቆረጠው የሀዘርቢ ኖት

ኖቬምበር 3፣ ማክሰኞ
«ቁጥር 58። የሀዘርቢ ባንክ አምስት ፓውንድ፣ 1811። ከሁለት የተለያዩ ኖቶች ግማሽ ግማሽ ተለጥፎ የተሠራ። ሐሰተኛ። ከኤግዚቢሽኑ ወጥቷል። ያዋሰው፦ ኤድመንድ ስሌይድ።»

የአሮጌ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ማኅበራችን የኤግዚቢሽን ካታሎግ ነው። ከቁርስ ጋር መጣልኝ። እንቁላሉ ቀዘቀዘ። ከዚያ የግል ባንክ የተረፈ ሌላ ኖት አይታወቅም... አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈልጌ ያገኘሁት። ስሜን ከሐሰተኛ ጎን አትመው ለሁለት መቶ አባላት በተኑት። አንድ ስልክ መደወል አቃታቸው?

ኖቬምበር 4
ለማኅበሩ ጸሐፊ ለኦብሪ ፔንዝ ደወልኩ። ሠላሳ ዓመት የማውቀው ሰው።

«ኤድመንድ፣ ወዳጄ፣ መሃሉ ላይ እኮ ተለጥፏል።»

«በፖስታ ሊላክ ተቆርጦ ነዋ። ሌባ እንዳይጠቀምበት መጀመሪያ ግማሹ፣ ደረሰኝ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ሌላው ግማሽ። ያኔ ሙሉውን የሚልክ ማን ነበር?»

«እኔ ጋ አንድም የተቆረጠ የለም።»

«ንጹሕ ንጹሑን ስለምትለቅም ነው። የአንተ ኖቶች ከባንኩ መሳቢያ ወጥተው አያውቁም።»

ሳቀ። «ሻይህን ጠጣና ተረጋጋ።»

ሻይ...

ኖቬምበር 6
ማስረጃው ኖቱ ጀርባ ላይ አለ። ተቀባዩ በአንደኛው ግማሽ «ሰኞ ደረሰኝ»፣ በሌላው «ሐሙስ ደረሰኝ» ብሎ ጽፏል። የአንድ ሰው የእጅ ጽሑፍ፤ ሁለቱም ግማሾች የአንድ ኖት ናቸው ማለት ነው። ፎቶ ያነሣሁት ግን ፊቱን ብቻ። ለምን? ስንፍና። ኖቱ አሁንም ኦብሪ ቤት ነው፤ ነገ ሄጄ አፍንጫው ሥር አሳየዋለሁ።

ኖቬምበር 7፣ ቅዳሜ
ኦብሪ ፖስታ አቀበለኝ። ሁለት ቁራጭ ወጣ።

«ሙጫው በሞቀ ውኃ ለቀቀ። አየህ? ሁለት ወረቀት።»

ገለበጥኳቸው። ባዶ። ፊቱ ላይ በእጅ የተጻፈው ቁጥርም ፊርማውም የለም። ኅትመቱ ብቻ ቀርቷል።

«ምን አደረግኸው?»

«ቢጫውን ላነሣለት ብዬ... ትንሽ በረኪና።»

«ጀርባው ላይ ጽሑፍ ነበር።»

«እድፍ ነው የመሰለኝ።»

ሚስቱ ዊኒፍሬድ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ምን እድፍ? ለእኔ አንብበህልኝ የለም እንዴ? ሰኞ፣ ሐሙስ ስትል።»



ኖቬምበር 9
ከእንግዲህ «ኦብሪ» የለም፤ «አንተ»ም የለም። ዛሬ በአደራ ፖስታ የላክሁት ይህ ነው፦

«ለሚስተር ፔንዝ። በኖቱ ጀርባ ያነበቡትን ቃል በቃል፣ ያነበቡበትንና ያጠቡበትን ቀን ጨምረው፣ በእጅዎ ጽፈው ይፈርሙልኝ። ሚስዝ ፔንዝም በምስክርነት ይፈርሙ። ኖቱ እውነተኛ ለመሆኑ የቀረኝ ማስረጃ እርስዎ ያነበቡት ብቻ ነው። በስልክ የሚነገር ነገር አልቀበልም። መልስዎ በጽሑፍ እስከ ኖቬምበር 30 ይድረሰኝ።»