ከሰማያዊው መስመር በላይ

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ ሀቢብ፣ ሰላምታችን ካለህበት ይድረስህ። እኛ ዳንግላ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን፤ ድካም ብቻ ነው።

መንግሥት የላካቸው ባለሙያዎች ጎርፍ የሚያሰጋቸውን ቤቶች ካርታ ላይ እያሰፈሩ ነው። እንድንጠነቀቅ ብለው ውሃው ሊደርስ የሚችልበትን ከፍታ ግድግዳችን ላይ በሰማያዊ ቀለም አሰመሩልን። እኔና እማማ የሱቁን ጨውና ስኳር ከመስመሩ በላይ ስናወጣ ዋልን፤ ወገቤን ቆረጠኝ።

አባባም ደህና ናቸው። እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ከጓዳው አልጋ አይነሱም። አጎታችን አብዱልሀፊዝ ዳገት ላይ ወዳለው ቤቱ ልውሰዳቸው ቢል፣ "ከሀቢብ በቀር ማንም አይሸከመኝም" ብለው እምቢ አሉ። ከራስጌያቸው በላይ ያለውን መስመር ቀና ብለው እያዩ "ስኳሩስ ተረፈ" ይሉና ይስቃሉ።

ለመውሊድ እመጣለሁ ብለሃል፤ ዝናቡ ግን ከአሁኑ ጀምሯል።

አላህ ሁላችንንም በደህና ያገናኘን።

እህትህ ዋሂዳ