ለአባባ ሸክላ የምትሆን መርፌ

ውድ እታለም፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን ለመደ? የእማዬን ሳል ለቀቃት? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ያ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ጨዋ የሚሆነው ውሻችሁስ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ግን እበላለሁ፣ እሠራለሁ ማለቴ ነው እንጂ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ መቀመጥም መቆምም እንቢ ብሎኛል። ይህንንም የምጽፍልሽ በምሳ ሰዓት፣ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ፣ ያልተተኮሰ አንሶላ ክምር ላይ ተደግፌ ነው። አንድ መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ ዞሬ እመለሳለሁ።

አባባ ሸክላ ማጫወቻውን በጨርቅ ሸፍኖታል፣ ሸክላዎቹንም ወሩ ሲያልቅ ለጸጉር አስተካካዩ ሊሰጥ ነው ያልሽኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ዕድሜውን ሙሉ ቤዝ ጊታር የመታ፣ ምቱን እየጠበቀ የሳሎኑን ወለል በተረከዙ ያሰረጎደ ሰው! ያውም ራሱ የተጫወተበትን ሸክላ ጨምሮ! ሸክላዎቹ አርጅተዋል፣ ድምፃቸው ሞቷል ይላል አልሽኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ያረጀው ምን እንደሆነ ከእሱ በቀር ሁላችንም እናውቃለን። ሐኪሙ የነገረሽን ግን አትርሺ። የሄደበት ቀጭኑ ድምፅ ነው፣ ወፍራሙ አለ። የልጆችሽን ጥሪ አይሰማም፣ የባለቤትሽን ማንኮራፋት ግን ግድግዳ ሳይከልለው ይሰማል። እማዬ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ቀንሰው ስለው ኖሬ፣ አሁን ዝም ሲል ቤቱ አስፈራኝ ማለቷ አንጀቴን በላው።

ስለዚህ ወፍራሙን ድምፅ አጉልታ የምታወጣ ካርትሪጅ ፍለጋ ገባሁ። ካርትሪጅ የሚሏት መርፌዋ የተሰካችባት፣ ክንዱ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ራስ ናት፤ አባባ መርፌዋ እንዳትዘል ብሎ ሳንቲም በፕላስተር የለጠፈባት። የአባባን ዓይነት ማጫወቻ የሸጠልኝ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሁለት ካርትሪጆች አወጣና ቤትህ ወስደህ ሞክራቸው አለኝ። መያዣ ሲለኝ ሌላ የምሰጠው ስላልነበረኝ ጃኬቴን ተውኩለት፤ ይኸው በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ነው የምመላለሰው።

አንደኛዋ ድምፅዋ እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ጥርት ያለ ነው፤ ጣት ክር ላይ ሲንሸራተት እንኳ ይሰማል። ሁለተኛዋ ለእኔ ጆሮ ፈዘዝ ያለች ናት። እኔም ጋ ያለውን የአባባን ሸክላ እያስደመጥኩ አንዷን ስሰካ ሌላዋ ታምረኛለች፣ ሌላዋን ስሰካ የፊተኛዋ ትናፍቀኛለች። በዚህ መሃል ማሰሪያ ብሎኗ ከእጄ አምልጣ አልጋ ሥር ገባች፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ በደረቴ ተኝቼ ወለል ስዳብስ ዋልኩ። ነጋዴውን ባማክረው ጆሮህ የወደደውን ውሰድ ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። ጆሮዬ የወደደው ጥርት ያለችውን ነበር። እሷን ልወስድ ቆርጬ ነበር።

ይህን ጊዜ ከእኔ በታች የምትኖረው ጡረተኛ ልብስ ሰፊ በሬን ደበደበች። አንተ ልጅ፣ ዘፈኑንስ ለብቻህ ትሰማለህ፣ እኔ ጋ የሚወርደው ድው ድው ብቻ ነው፣ ምን በደልኩህ አለችኝ። ይቅርታ ልላት ስል ነገሩ በራልኝ። እሷ ቤት የሚደርሰው እኮ አባባ ጆሮ የሚደርሰው ነው! ቀጭኑን ወለሉ አስቀርቶባት ወፍራሙን ብቻ ነው የምትሰማው። እኔ ደግሞ ለአባባ ጫማ ልገዛ ወጥቼ በራሴ እግር ስለካ ነበር የከረምኩት።

ነገሩን ስነግራት ቁጣዋ በረደ። ላይ ቤት ሸክላውን አስጀምሬ በሩጫ እወርዳለሁ፣ ከእሷ ጋር ጣሪያ ጣሪያውን እያየን እናዳምጣለን፣ ሲያልቅ ደግሞ ሽቅብ እሮጣለሁ። ያቺ የወደድኳት ጥርት ያለችው ከወለሉ በታች ሩቅ ያለ በር የሚንኳኳ ነው የምትመስለው። ፈዛዛዋን ስቀይር ግን የአባባ ጣቶች አንድ በአንድ ወረዱ። ሲወጣ ይለያል፣ ሲወርድ ይለያል። ሴትዮዋ ራሷን እየነቀነቀች፣ ያኛው ያንኳኳል፣ ይኼኛው ግን ይሄዳል አለችኝ። ላቅፋት ምንም አልቀረኝም።

ፈዛዛዋን ካርትሪጅ የሥራ ባልደረባዬ ከነገ ወዲያ ይዞልሽ ይመጣል። መጀመሪያ የአባባን ሳንቲም አንሺ፤ እሷ እያለች መርፌዋ ሸክላውን ታርሰዋለች። አሮጌዋን ካርትሪጅ ፈትተሽ አዲሷን በቦታዋ እሰሪ፤ ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች በየቀለማቸው መልሰሽ ስኪ። ከክንዱ ኋላ ያለውን ክብደት ቀስ እያልሽ አስተካክዪ። ባለቤትሽ እስቲ እኔ ልሞክር ካለ ሻይ አፍዪለትና ከክፍሉ አስወጪው። ድምፁ ፈዘዘብኝ ብለሽም እንዳትነካኪው፤ ላንቺ ጆሮ አልተመረጠም።

ይህን ሁሉ ብዬም ልቤ አላረፈም። ባልደረባዬ ሻንጣ ጭኖባት መርፌዋን ቢያጎብጣትስ? ጸጉር አስተካካዩ ቢቀድመንስ? ሁሉም ሆኖ አባባ ባይሰማስ? ፈርቻለሁ፣ እታለም። እሱ ተስፋ ቆርጦ ሲቀመጥ እኔ እዚህ አንሶላ እተኩሳለሁ። በእናትሽ፣ እስኪደርስልሽ ድረስ ሸክላዎቹን ከቤት አታስወጪ፤ ካስፈለገም ተኚባቸው።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ስለ ማንኮራፋቱ ያልኩትን ዘለሽ ሰላም በዪልኝ። ትልቋን አይዞሽ በርቺ፣ ትንሹን ደግሞ ጥርሱ በቅሎ እንደሆነ አጎትህ ጠይቆሃል በዪልኝ። ለአባባ ግን ሰላምታዬን ጆሮው ላይ አትጩሂበት። የራሱን ሸክላ አስጀምሪለት፣ መዳፉን የስፒከሩ ሳጥን ላይ አኑሪለት፣ ከዚያ ፊቱን ተዪና ተረከዙን እዪ። ተረከዙ ወለሉን ከመታ፣ ሰላምታዬ ደርሶታል።

ናፋቂ ወንድምሽ
ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ፣ መተኮሻ ክፍል
ጥር ፱ ቀን